ቢግ ቦይን ተከትሎ መቅረጽ፦ ለእንፋሎት ባቡር ወዳጆች ዝርዝር መመሪያ

ቢግ ቦይ 4014 ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሄዱት የእንፋሎት ባቡሮች ሁሉ ትልቁ ነው። ባለቤቱ ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የአሜሪካ የባቡር ድርጅት ነው። ማደሪያው ዋዮሚንግ ውስጥ ሻየን ከተማ ነው። ከዚያ እየተነሳ በዋናው የጭነት መስመር ላይ ብዙ ግዛቶችን ያቋርጣል። ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሻየን በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም።

ባቡሩ በሚያልፍበት ቀን መንገዱ በመኪና ይጥለቀለቃል። አብዛኛው ሰው በአንድ ቀን ስምንት ዘጠኝ ቦታ ልቅረጽ ብሎ ይነሳል። ማታ ቁጭ ብሎ ሲያየው ግን የተንቀጠቀጠ ምስልና የነፋስ ጩኸት ብቻ ያገኛል። ደስ የሚል ቪዲዮ ይዘው የሚገቡት ጥቂት ቦታ መርጠው፣ ቀድመው ደርሰው፣ ተረጋግተው የሚጠብቁት ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ባቡሩን እወቁት

4014 የተሠራው በ1941 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ፣ ስከነክተዲ በሚገኘው የአልኮ ፋብሪካ ነው። ቢግ ቦይ የሚባሉ ባቡሮች በጠቅላላው 25 ተሠርተዋል። 8 ብቻ ቀርተዋል፤ ከእነሱም የሚንቀሳቀሰው 4014 ብቻ ነው። በ1961 ጡረታ ወጥቶ ፖሞና፣ ካሊፎርኒያ ለዓመታት ቆሞ ይታይ ነበር። ዩኒየን ፓሲፊክ በ2013 መልሶ ወሰደው። በ2019፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው የባቡር መስመር የተጠናቀቀበት 150ኛ ዓመት ሲከበር፣ እንደገና በራሱ ኃይል ወጣ።

ለቀራጭ የሚጠቅሙት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ሎኮሞቲቩ፣ ማለትም ፊት ሆኖ የሚጎትተው ሞተር፣ ከውሃና ከነዳጅ ጋሪው ጋር 40 ሜትር ያህል ይረዝማል። ትልልቆቹ ጎማዎች 173 ሴንቲ ሜትር ቁመት አላቸው፤ ማለትም የሰው ቁመት ያህል ናቸው። በሰዓት 50 ማይል ሲሄድ እያንዳንዱ ጎማ በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚያው ፍጥነት ሎኮሞቲቩ ከአጠገባችሁ አልፎ የሚያልቀው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው።

ሁለት ሰከንድ! ይህን ከልብ ያዙት። ቪዲዮውን ቪዲዮ የሚያደርገው ባቡሩ ከሩቅ ብቅ ብሎ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ከየት ጀምሬ አየዋለሁ?» ይሁን።

አንድ ሌላ ነገር። ድሮ በድንጋይ ከሰል ይሠራ ነበር፤ ሲታደስ ወደ ዘይት ተቀይሯል። በሐምሌ ፀሐይ ሜዳ ላይ ሲገሰግስ ጭሱም እንፋሎቱም ሊጠፋባችሁ ይችላል። ነጭ ደመና የሚሠራው አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። በበጋ የምትወጡ ከሆነ ማለዳውን ያዙ። ወይም ባቡሩ ከቆመበት ሲነሳ ቅረጹት፤ ያኔ ከሲሊንደሮቹ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ በእንፋሎት ስለሚገፋ በግራና በቀኝ ነጭ ሆኖ ይረጫል። ከኋላው ብዙ ጊዜ ዘመናዊ የዲዝል ሎኮሞቲቭ ይቀጠላል፤ በዋናነት ብሬክ ለመርዳት ነው። ምስሉን ካበላሸባችሁ ከፊት ለፊት ጠበብ አድርጋችሁ ያዙ፤ የቢግ ቦይ ትልቅ አካል ይጋርደዋል።

ደረጃ 2፦ የት እንዳለ የምታውቁበትን መንገድ አዘጋጁ

ዩኒየን ፓሲፊክ የጉዞውን ፕሮግራም ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ባቡሩ ለአጭር ጊዜ የሚቆምባቸው ትንንሽ ከተሞች ከነሰዓታቸው ይዘረዘራሉ። በጉዞው ቀን ደግሞ ያለበትን ቦታ በካርታ የሚያሳይ ገጽ አለ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ብቻቸውን አይበቁም። ሰዓቱ ሊቀየር ይችላል። ካርታው ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት የዋዮሚንግ ሜዳ ላይ አይከፍትላችሁም። ስለዚህ የአካባቢውን ካርታ ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። በወረቀትም አንድ ይኑራችሁ።

የባቡር ሠራተኞችን ንግግር የሚያሰማ ስካነር ሬዲዮ ያለው ሰው የተሻለ ያውቃል። የአሜሪካ ባቡሮች በ160 እና 161 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይነጋገራሉ። በተጨማሪም በየተወሰነ ርቀት ሀዲዱ ዳር የተተከሉ መመርመሪያዎች አሉ። ባቡር ሲያልፍባቸው የማይል ቁጥሩንና ብልሽት መኖር አለመኖሩን በድምፅ ይናገራሉ። ያንን የማይል ቁጥር ካርታችሁ ላይ ቀድማችሁ ምልክት ካደረጋችሁ፣ ባቡሩ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ታውቃላችሁ። በአንዳንድ ግዛቶች ግን ስካነርን መኪና ውስጥ መጠቀም የተገደበ ነው፤ ሕጉን አስቀድማችሁ አጣሩ።

የሰዓት ክልልም አትርሱ። በኔብራስካ ወደ ምሥራቅ ስትከተሉት ኦጋላላና ኖርዝ ፕላት መካከል ሰዓታችሁ በአንድ ሰዓት ወደፊት ይዘላል። ፕሮግራሙ በየከተማው ሰዓት ስለሚጻፍ፣ ይህን ያላስተዋለ ሰው ባቡሩ ካለፈ በኋላ ይደርሳል።

ደረጃ 3፦ ስሌቱን ሥሩ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ከዋዜማው ሥሩት።

ባቡሩ በሰዓት 50 ማይል ይሄዳል እንበል። እናንተ በሕጋዊው ፍጥነት 70 ማይል ትነዳላችሁ። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ትራይፖዱን (የካሜራ ማቆሚያውን) አጥፋችሁ፣ ወደ መኪና ተመልሳችሁ፣ ከሌላው መኪና ጋር ተጋፍታችሁ አስፋልት እስክትወጡ 10 ደቂቃ ይሄዳል። በዚያ 10 ደቂቃ ባቡሩ ከ8 ማይል በላይ ርቋችኋል። ልዩነታችሁ በሰዓት 20 ማይል ብቻ ስለሆነ፣ ለመድረስ ብቻ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ገና እኩል ሆናችሁ እንጂ አልቀደማችሁም። የሚቀጥለው ቦታ ላይ ለመዘጋጀት የ10 ደቂቃ ብልጫ ከፈለጋችሁ ሌላ 25 ደቂቃ መንዳት አለባችሁ።

በድምሩ 50 ደቂቃ። በ70 ማይል ፍጥነት ይህ 58 ማይል ገደማ ነው። ባቡሩ መሃል ላይ ካልቆመ፣ በሁለት የመቅረጫ ቦታዎች መካከል 60 ማይል ያህል መኖር አለበት ማለት ነው። መንገዱ ኮረኮንች ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ጭራሽ አይሠራም፤ ያንን ቦታ በቀኑ የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ አድርጉት።

ታዲያ በምን ይቀደማል? ባቡሩ በሚቆምበት ጊዜ። ትንሽ ከተማ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆመ 25 ማይል ያህል ስጦታ ተሰጣችሁ ማለት ነው። ብዙው ሰው እዚያው ከተማ ገብቶ ከሕዝቡ ጋር ይጋፋል። እናንተ ዝም ብላችሁ እለፉት። ከፊት ለፊት ያለው ገላጣ ቦታ ላይ ተረጋግታችሁ ጠብቁት። እኔ ለአንድ ቀን ሦስት ዋና ቦታና አንድ ተጠባባቂ እመርጣለሁ፤ ከዚያ በላይ አይመከርም።

ደረጃ 4፦ ቦታ መምረጥ

መነሻችሁ ዴንቨር ከሆነና ባቡሩ በዴንቨርና በሻየን መካከል የሚሄድበት ቀን ከሆነ፣ ሀይዌይ 85 ወዳጃችሁ ነው። ከብራይተን ጀምሮ በፎርት ላፕተን፣ በፕላትቪል፣ በግሪሊ፣ በኢተን፣ በኦልት አድርጎ እስከ ነን ድረስ ከሀዲዱ ብዙም አይርቅም። ለጀማሪ የሚመች መስመር ነው። ችግሩ የመንገድ መብራቱና የመኪናው ብዛት ነው። ግሪሊን ካለፋችሁ በኋላ ሜዳው ይከፈታል።

ከሻየን ወደ ላራሚ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሸርማን ሂል አለ። ይህን ቦታ በጣም እወደዋለሁ። በሻየን በኩል የሚያልፈው የዩኒየን ፓሲፊክ ዋና መስመር ከፍተኛው ነጥብ እዚያ ነው፤ 2,440 ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ። የድሮው መስመር ዳገት 1.55 በመቶ ነው፤ ማለትም በየ100 ሜትሩ 1.55 ሜትር ይወጣል። በ1953 በሀሪማን በኩል የተጨመረው ሀዲድ 0.82 በመቶ ብቻ ነው። ባቡሩ ዳገት ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ድምፁ ይከብዳል፣ የሚጎትተውም ነገር እንዳለው ያስታውቃል። በየትኛው ሀዲድ እንደሚሄድ ግን አስቀድሞ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱ ሀዲዶች ከተገናኙ በኋላ ያለ ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል። ነፋሱ ከባድ ነው። ዛፉ ጥቂት ነው፣ ጥላ እንደ ልብ አይገኝም።

ቦታ ስትመርጡ እነዚህን ተመልከቱ። ባቡሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይታያል? ለምን ብትሉ፣ በ50 ማይል ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር ማለት 45 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። በእናንተና በእሱ መካከል ሌላ ሀዲድ አለ? ካለ ሌላ የጭነት ባቡር ልክ በዚያች ደቂቃ መጥቶ ይጋርዳችኋል፤ ሸርማን ሂል ላይ የባቡር እጥረት የለም። ወይ ከሀዲዶቹ ከፍ በሉ፣ ወይ ራቅ በሉ። ከፊታችሁ ሌላ ሰው መጥቶ ቢቆምስ? ከቆማችሁበት ጥቂት ሜትር ከፍ የሚል ጉብታ ካለ ይህን ችግር ይፈታል።

ብርሃኑም አለ። ፀሐይ በዚያ አገር አብዛኛውን ቀን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚሄድ መስመር ላይ ከሀዲዱ በስተደቡብ ቁሙ። ሰሜን ደቡብ በሚሄደው የዴንቨር መስመር ላይ ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት ከምዕራብ። ባቡሩ ጥቁር ነው። ፀሐይ ካልመታው ዘንጎቹና ጎማዎቹ ሁሉ አንድ ጥቁር ነገር ይሆናሉ። ፀሐይ ዝቅ ስትል ግን ብርሃን ከቦይለሩ (ውሃው ከሚፈላበት ትልቁ በርሜል) ሆድ ሥር ይገባና የሚንቀሳቀሰው ብረት ሁሉ ይታያል።

ቦታውን ከጉዞው ቀን በፊት ሄዳችሁ እዩት። ካልቻላችሁ በሳተላይት ካርታ አጥኑት። አጥር ካለ የሰው መሬት ነው። ባለቤቱን ጠይቁ፤ በጨዋ ደንብ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ እሺ ይባላል።

ደረጃ 5፦ ከሁሉ በፊት ነፍስ

በሰኔ 2024 ኤምፕረስ 2816 የተባለ የካናዳ የእንፋሎት ባቡር ሜክሲኮ ውስጥ ኢዳልጎ ግዛት ሲያልፍ፣ ሀዲድ ዳር ተንበርክካ በስልኳ ፎቶ ልትነሳ የነበረች ሴት ገጭቶ ገደላት። ብዙ ሰው ቆሞ እያየ ነው የሆነው። የሎኮሞቲቩ አካል ከሀዲዱ ወደ ውጭ ይወጣል። በስልክ ስክሪን ስታዩት ደግሞ ርቀቱ ይሸውዳል።

ዩኒየን ፓሲፊክ ከሀዲዱ ቢያንስ 25 ጫማ፣ ማለትም 8 ሜትር ያህል ራቁ ይላል። ለቪዲዮ ከዚያም እጥፍ ቢሆን ይሻላል፤ ምስሉም ያምራል። ሀዲድ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ ዋሻ አፍ ላይ መቆም ክልክል ነው። የባቡሩ መሬት የግል ንብረት ነው። ሳንቲም ሀዲድ ላይ አታስቀምጡ። አንድ ባቡር ስላለፈ ሌላ አይመጣም ማለት አይደለም።

የመኪና መንገድ ሀዲዱን በሚያቋርጥበት በየማቋረጫው ላይ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ሰማያዊ ምልክት አለ። መኪናችሁ ሀዲድ ላይ ቢቆምባችሁ ሁሉንም ሰው አስወርዱ። ባቡር እየመጣ ከሆነ ከሀዲዱ እየራቃችሁ፣ ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በሰያፍ ሩጡ። ሲገጭ ስብርባሪው የሚበተነው ወደፊት ስለሆነ ነው። ከዚያ ወደዚያ ቁጥር ደውሉ።

ልጆች ካሉ ጆሮ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ ፉጨቱ ቀላል አይደለም። አንድ አዋቂ ሥራው ልጆቹን መያዝ ብቻ ይሁን፤ እሱ ካሜራ አይያዝ።

ደረጃ 6፦ ካሜራውን ማዘጋጀት

ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ጠንካራ ትራይፖድ ግን የግድ ነው። ሸርማን ሂል ላይ ቀላል ትራይፖድ በነፋስ ይወድቃል፤ ቦርሳችሁን መሃሉ ላይ አንጠልጥሉበት።

በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ አግድም ያዙት። ስክሪኑን ተጭናችሁ ቆዩና ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ምክንያቱም ባቡሩ ሲቃረብ ስልኩ ጥቁሩን ብረት አይቶ ምስሉን ያፈካዋል፣ ያኔ እንፋሎቱ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ፎከሱን የምታደርጉት ባቡሩ ሲመጣ አይደለም። ቀድማችሁ፣ ባቡሩ በሚያልፍበት ሀዲድ ላይ አድርጉና ቆልፉት። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉ፤ በዚያች ደቂቃ የሚደውል ዘመድ አይጠፋም።

በካሜራ ከሆነ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ስትቀርጹ ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ፣ 1/60 ሰከንድ አድርጉ። ብርሃኑ ከበዛ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ሌንሱ ላይ ግጠሙ። ሹተሩን በጣም ካፈጠናችሁት ዘንጎቹ እየተቆራረጡ ይታያሉ። ጎማው በሰከንድ አራት ጊዜ ሲዞር እንቅስቃሴው ለስላሳ እንዲሆን የፈለገ በ60 ፍሬም፣ ሹተሩን 1/120 አድርጎ ይቅረጽ። ፎቶ ከሆነ ግን 1/1000 እና ከዚያ በላይ።

ረጅም ሌንስ ባቡሩን ከፊት ሲይዘው ግርማ ይሰጠዋል። በበጋ ቀትር ግን ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ረጅሙን ሌንስ ለጠዋት አቆዩት።

ድሮንን በተመለከተ አጭር ነው። ከ250 ግራም በላይ ከሆነ መመዝገብ አለበት፤ ከ400 ጫማ በላይ አይወጣም፤ ከዓይናችሁ አይራቅ፤ ሰው ላይ አይብረር። በእኔ አስተያየት ቤት ቢቀር ይሻላል። ጩኸቱ የጎረቤታችሁን ድምፅ ያበላሻል።

ደረጃ 7፦ ድምፁ

የእንፋሎት ባቡር ግማሹ ድምፅ ነው። የቢግ ቦይ ደግሞ ልዩ ነው። በአንድ ቦይለር ሥር ሁለት የሞተር ክፍሎች አሉ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሲሊንደሮችና ስምንት ስምንት ትልልቅ ጎማዎች አሏቸው። ሁለቱን የሚያያይዝ ማርሽ የለም። ስለዚህ ምታቸው አንዴ ይገጥማል፣ አንዴ ይለያያል፣ ተመልሶ ይገጥማል፤ እስክስታ እንደሚመታ ትከሻ። ዳገት ላይ በደንብ ይሰማል። ይህን ለመያዝ ከማቋረጫና ከሕዝብ ራቅ ያለ ቦታ ያስፈልጋል።

ፉጨቱን ከፈለጋችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማቋረጫ ፈልጉ። ሕጉ ባቡሩ ማቋረጫ ከመድረሱ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ሲቀረው እንዲጮህ ያዛል፦ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም። ብዙ ጊዜ ሀዲዱ ዳር ደብሊው የሚል ፊደል ያለበት ምልክት የሚጀምርበትን ቦታ ያሳያል። ከማቋረጫው 400 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ ከቆማችሁ ፉጨቱ የሚጀምረው ፊት ለፊታችሁ ነው። አንዳንድ ከተሞች ግን በመደበኛው ጊዜ ፉጨት የማይሰማባቸው ክልሎች ስላሏቸው አጣሩ።

ማይካችሁ ላይ ፀጉራም የነፋስ መከላከያ አድርጉ። ያለ እሱ በዋዮሚንግ ምንም አትይዙም። የድምፅ መጠኑን በእጅ አስተካክሉ። አውቶማቲክ ከተዋችሁት ፉጨቱ ሲመጣ ድምፁን ይውጠዋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይመልሰዋል፤ ቪዲዮው ይበላሻል። ተራ ንግግር ዝቅ ብሎ እንዲሰማ፣ ከለመዳችሁት በጣም አሳንሱት። በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የተሰነጠቀ ድምፅ ግን አይጠገንም።

አጠገባችሁ ያሉትን ሰዎች ቀድማችሁ ሰላም በሏቸው። «ድምፅ እየቀረጽኩ ነው፣ ሲመጣ ትንሽ ዝም ብንባባል» ካላችኋቸው አብዛኞቹ ራሳቸውም እየቀረጹ ስለሆነ ይስማማሉ። የመኪናችሁን ሞተርም አጥፉ።

ደረጃ 8፦ ባቡሩ ሲመጣ

ከ30 ደቂቃ በፊት ቦታችሁ ላይ ሁኑ። ከ10 ደቂቃ በፊት አንድ የሙከራ ቀረጻ አድርጋችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ባትሪውንና ሚሞሪውን እዩ፤ በስልክ 4ኬ በ60 ፍሬም በደቂቃ 400 ሜጋባይት ያህል ይበላል።

ሲቃረብ፣ ገና ሳይታይ፣ መቅረጽ ጀምሩ። የሩቁ ፉጨት የቪዲዮው መግቢያ ነው። ከዚያ ካሜራውን አትነካኩት። ዙም አታድርጉ። ባቡሩን የምትከተሉት ከሆነ አንዴ ብቻ፣ በቀስታ፣ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ፓን አድርጉ፤ ማለትም ካሜራውን ወደ ጎን አዙሩት። እግራችሁን አስቀድማችሁ ወደ መጨረሻው አቅጣጫ አዙራችሁ ቁሙ፤ ወገባችሁን ጠምዝዛችሁ ጀምራችሁ እየተፈታችሁ ትጨርሳላችሁ። ካለፈም በኋላ አታጥፉት፤ የመጨረሻው ቫጎን አልፎ ድምፁ እስኪጠፋ ቆዩ።

በየቦታው አንድ ዓይነት ምስል አትያዙ። አንዱ ላይ ሰፊ አድርጋችሁ ሜዳውንና ሰማዩን፣ ሌላው ላይ ጎማዎቹን ብቻ፣ ሌላው ላይ ፊቱን። ትንንሾቹ ከተሞች ላይ ደግሞ የሚጠብቀውን ሕዝብ ቅረጹ። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የኛ ባቡርም በእንፋሎት ነበር የሚሄደው። ከአገር ቤት የመጡ አባትና እናት ካሏችሁ ባቡሩ የሚቆምበት ከተማ ውሰዷቸው። ለገሃርንና ድሬዳዋን እያነሱ የሚያወሩትን ከባቡሩ ጋር መያዝ ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ 9፦ መንገድ ላይ

የሚነዳ ሰው አይቀርጽም። ይህ አይቀየርም። ሁለት ሁናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ካርታውን፣ ስካነሩንና ካሜራውን ይይዛል። ሀይዌይ 30 ኔብራስካ ውስጥ ለረጅም ርቀት ከሀዲዱ ጎን ለጎን ይሄዳል። ከመኪና መስኮት እኩል እየሄዱ መቅረጽ እዚያ ይቻላል፤ ባቡሩ በስተቀኛችሁ ወይም በስተግራችሁ መሆኑን አይታችሁ ተሳፋሪው በዚያው በኩል ይቀመጥ። ነገር ግን ከባቡሩ ጋር ለመስተካከል ብላችሁ ከኋላ ያለውን መኪና አታግቱ። ፖሊስ ካስቆማችሁ የቀኑ ፕሮግራም አለቀ። ኢንተርስቴት ላይ ዳር ይዞ መቆም ለአደጋ ጊዜ ብቻ ነው።

ነዳጅ ሙሉ አድርጋችሁ ተነሱ፤ በዋዮሚንግ ማደያዎች ይራራቃሉ። ውሃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጃኬት ያዙ። በበጋም ቢሆን ከሰዓት ነጎድጓድ ይመጣል። መብረቅ ካለ ጉብታ ላይ ከብረት ትራይፖድ ጋር አትቁሙ፤ መኪና ውስጥ ግቡ።

ደረጃ 10፦ ማታ

የቀረጻችሁትን በዚያው ሌሊት ሁለት ቦታ ገልብጡ። ካርዱን ሁለቱም ቦታ ላይ ከፍታችሁ ሳታዩ አታጥፉ። የየቦታውን ስም፣ ቀኑንና ባቡሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ወዲያው ጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ ሜዳው ሁሉ አንድ ይሆንባችኋል።

ስታቀናብሩ ሙዚቃ አትጨምሩበት። ድምፁ ራሱ ይበቃዋል። እያንዳንዱን ቀረጻ ከሩቁ ፉጨት እስከ መጨረሻው ቫጎን ሳይቆረጥ ተዉት። መሬቱ ላይ እንድትቆሙ የፈቀደላችሁ ገበሬ ካለ ቪዲዮውን ላኩለት። የቦታውን ትክክለኛ አድራሻ ግን ሳታስፈቅዱት አትለጥፉ፤ በሚቀጥለው ጉዞ መቶ መኪና በሩ ላይ ሊደረደርበት ይችላል።